እማዬ ስንት ራስ ናት?

ባለፈው ዓመት በታናሽ እህቴ ሠርግ ዕለት እናቴ ከመኪና ወርዳ ወደ አዳራሹ ስትገባ በገዛ ቀሚሷ ጫፍ ተጠልፋ ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች። ወንድሜ ነው ክንዷን ለቀም አድርጎ ያተረፋት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከወንበሯ አልተነሳችም። ዘፈኑ ሲሞቅ፣ እኩዮቿ ሁሉ እስክስታ ሲወርዱ እሷ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ እያጨበጨበች ዋለች።

ቀሚሱን ያሰፋሁላት እኔ ነኝ። ጨርቁን ሽሮ ሜዳ ሄጄ የመረጥኩት፣ ጥለቱን ያዘዝኩት፣ ለልብስ ሰፊው ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ያስረዳሁት ደግሞ በአፌና በስልኬ ነው። ስልኬ ላይ የነበረው ፎቶ እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለች ወጣት ሞዴል ናት። «እንደዚህ ይሁንልኝ» አልኩና ለልክ እንዲሆነው የእማዬን አንድ አሮጌ ቀሚስ ሰጥቼው ወጣሁ። ሰውየውም እንዳልኩት ሠራ። እሱ እናቴን አላያትም፤ ያየው የሞዴሏን ፎቶ ነው።

እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ከላይ ጀርባዋ ጎበጥ ብሏል፣ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ይላል። የጎበጠ ጀርባ ጨርቅ ይበላል። ከኋላ ቀሚሱ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ከፊት ደግሞ ወርዶ መሬት ይጠርጋል። ይህን ዛሬ በደንብ አውቄዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ ጥር ላይ የወንድሜ ልጅ ታገባለች። ለእማዬ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ ሠርግ ነው። ስለ ቀሚስ ሳነሳባት ግን፣ «ያለኝ ይበቃኛል፤ ለአሮጊት አዲስ ልብስ ምን ይሠራል? ደግሞስ እዚሁ ቤቴ ሆኜ ብመርቃት ምን አለበት?» አለችኝ። ቀሚሱን እንኳ ተዉት፤ «ቤቴ ሆኜ» የምትለዋ ነገር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ የዚህ ወር ዓምዴ ስለ ሥዕል ነው። አትሳቁብኝ። እስከዚህ ክረምት ድረስ በሕይወቴ የሳልኩት ነገር ቢኖር በባዮሎጂ ደብተሬ ላይ የአበባ ክፍሎችን ብቻ ነው፤ እሷንም መምህሩ «ይህ ጎመን ነው?» ብለውኛል። አሁን ግን ሰው ከነልብሱ ወረቀት ላይ ማቆም እችላለሁ። የሠዓሊ እጅ የለኝም፤ ሥራው ከተሰጥኦ ይልቅ ቆጠራ ስለሚበዛበት ነው የቻልኩት። እናንተም ትችላላችሁ። ደግሞ ልብስ የምታሰፉ ከሆነ፣ ያውም በዚህ የጨርቅ ዋጋ፣ ቢያንስ ግማሹን እንድትሞክሩት እለምናችኋለሁ።

ያስጀመረችኝ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ናት። ደብተሮቿ ሁሉ ጠርዛቸው ላይ ቀጫጭን ሴቶች ተሰልፈውባቸዋል። ክረምቱን ቤት ስለነበረች «እስቲ ለእኔም አሳዪኝ» አልኳትና ገበታው ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ ያስተማረችኝ ነገር መስመር ማስመር ነበር።

የፋሽን ሥዕል የሚለካው በሜትር ሳይሆን በራስ ነው። አንድ ራስ ማለት ከአናት እስከ አገጭ ያለው ቁመት ነው። እውነተኛ አዋቂ ሰው ከሰባት እስከ ሰባት ተኩል ራስ ይሆናል። የፋሽን ሠዓሊዎች ግን ሰውን ወደ ዘጠኝ ራስ ይስቡታል፤ ወደ አሥር የሚጠጉም አሉ። ተራ ኤ ፎር ወረቀት ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንዱን ራስ 3 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉት ዘጠኙ 27 ላይ ያልቅና ከላይም ከታችም ትንሽ ቦታ ይተርፋችኋል። ወረቀቱ መሐል አንድ ቀጥ ያለ መስመር አውርዱ፤ ከዚያ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ አግድም ምልክት አድርጉበት። እጃችሁን ሳትጫኑ፣ በኋላ በላጲስ የሚጠፋ ይሁን።

አሁን አካሉን ቦታ ቦታው ላይ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያው መስመር አገጭ ነው። ትከሻ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ይውላል፣ ጡት ሁለተኛው ላይ፣ ወገብ ሦስተኛው ላይ፣ ዳሌው የሚያበቃበትና እግር የሚጀምርበት አራተኛው ላይ። ከዚያ ሥዕሉ እግር ማስረዘም ይጀምራል፤ ጉልበት ስድስተኛው ገደማ፣ ቁርጭምጭሚት ስምንተኛውን አለፍ ብሎ፣ የእግር ጣት ዘጠነኛው ላይ። ልብ በሉ፤ የተጨመረው ቁመት አብዛኛው ከወገብ በታች ነው። ራሱ አልተለወጠም፣ ደረቱም እምብዛም አልተለወጠም፤ የተሳበው እግሩ ነው። ምክንያቱም የሚታየው ቀሚሱ ነው፣ ቀሚስ ደግሞ የሚንጠለጠልበት ቁመት ይፈልጋል። የእኛ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ዐይንን እንዳጎሉት ሁሉ የፋሽን ሠዓሊዎችም እግርን አስረዘሙ። እያንዳንዱ ሙያ የሚያከብረውን ያተልቃል መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ ልጄ እርሳሷን እያሽከረከረች፣ «ማሚ፣ እኔስ ስንት ራስ ነኝ?» አለችኝ። ግድግዳ አስደግፌ ለካኋት። ሰባት። «እንግዲያው ሁለት ይጎድለኛል ማለት ነው» አለችና ሳቀች። የሳቀችው ግን በአፏ ብቻ መሰለኝ።

የልጃገረድ እናት የሆናችሁ ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ። በዚያው ቅዳሜ ቤተሰቡን በሙሉ ሳሎን ውስጥ አቁመን ለካን። አለካኩ ቀላል ነው። ሰውየው ከሦስት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ እናንተ ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ እርሳስ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ አንድ ዐይናችሁን ጨፍኑ፣ የእርሳሱን ጫፍ አናቱ ላይ አስተካክላችሁ አውራ ጣታችሁን አገጩ ላይ አሳርፉ። ያቺ ርዝመት አንድ ራስ ናት። ከዚያ ክንዳችሁን ሳታጥፉ ወደ ታች እየቆጠራችሁ ውረዱ። ባለቤቴ፣ አንድ ሜትር ከሰባ ስምንቱ ሰውዬ፣ ሰባት ተኩል ሆነ። እኔ ሰባት ከትንሽ። የአምስት ዓመቱ ልጃችን አምስት ተኩል፤ ልጆች ራሳቸው ትልቅ ስለሆነ ቁጥራቸው ያንሳል፣ የአንድ ዓመት ሕፃን አራት ራስ ያህል ብቻ ነው። የሕፃን ልብስ ስትስሉ አዋቂን አሳንሳችሁ ብትስሉ ድንክ ሽማግሌ የሚወጣላችሁ ለዚህ ነው።

በቤታችን ዘጠኝ የሞላ ሰው አልተገኘም። ልጄ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። እኔም አንድ ነገር ነገርኳት፤ የዘጠኝ ራስ ሴት ልብስ ለማሳየት የተሠራች መስቀያ ናት፣ ማንም እሷን ሆኖ አያውቅም፤ ልብስ የምትስፊለትን ሰው ግን በራሱ ቁጥር ትስይዋለሽ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሥዕል እንሠራለን፤ ዘጠኙን ለሐሳብ፣ ሰባት ተኩሉን ለመቀስ።

ልዩነቱ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዘጠኝ ራስ ሥዕል ላይ ወገብ ሦስተኛው መስመር ላይ ስለሆነ ከወገብ በታች ያለው ከጠቅላላው ቁመት ሁለት ሦስተኛ ነው። እኔ አንድ ሜትር ከስድሳ ነኝ። በሥዕሉ ስሌት ከወገቤ እስከ መሬት አንድ ሜትር ከሰባት ሴንቲ ሜትር መሆን ነበረበት። በሜትር ስለካው 98 ሴንቲ ሜትር ነው። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ጥለት መሬት ላይ ይጎተታል ማለት ነው። የጥለቱን ስፋት፣ የእጅጌውን ርዝመት፣ ጥልፉ የት እንደሚያበቃ ከረጅሟ ሥዕል ላይ ገልብጣችሁ ለሰፊ ከሰጣችሁ፣ ሲለበስ ሁሉም ነገር ቦታውን ስቶ ታገኙታላችሁ።

አሁን ሰውየውን እናቁመው። ጀማሪ ሁሉ የሚስለው ሰው ሊወድቅ ያዘነበለ ይመስላል፤ የእኔዎቹ ሁሉ የሰከሩ ነበሩ። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ከአንገት ሥር ካለችው ጉድጓድ ቀጥ ያለ መስመር ወደ መሬት ጣሉ፣ ግንበኛ ቱንቢ እንደሚጥለው። ሰውየው አንድ እግሩ ላይ ከቆመ፣ ክብደቱን የተሸከመው እግር መስመሩ መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። ሁለቱም እግር ላይ ከቆመ ደግሞ መስመሩ በሁለቱ መካከል ይወርዳል። ክብደት በተሸከመው እግር በኩል ዳሌ ከፍ ይላል፣ በዚያው ወገን ትከሻ ዝቅ ይላል። ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎችን ተመልከቱ፤ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ሁለቱን መስመሮች፣ የትከሻውንና የዳሌውን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ አጋድሏቸው። ሥዕላችሁ ወዲያው ይተነፍሳል።

ፊት፣ እጅና እግር ላይ ጊዜ አታጥፉ። ለፊት ሞላላ ክብ ይበቃል። እጅ ካስቸገራችሁ ነጠላ ሥር ደብቁት። ማታለል ነው፣ ግን ትልልቆቹም ያደርጉታል።

የማሳየውን ፎቶ አገር ሞልቶት ሳለ ለምን ልሳል የምትሉ ትኖራላችሁ። ባለቤቴም ይህንኑ ብሏል። ነገሩ አዲስ ክርክር አይደለም። ቮግ መጽሔት ለብዙ ዓመታት ሽፋኑን የሚያሠራው በሠዓሊዎች ነበር፤ ኤድዋርድ ስታይከን ያነሳው የመጀመሪያው የቀለም ፎቶ ሽፋን ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1932 ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶ ቦታውን እየያዘ ሄደ። ሥዕሉ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1947 ክርስቲያን ዲዮር ጠባብ ወገብና ሰፊ ጉርድ ይዞ ሲመጣ ያንን መልክ በሰው ዐይን ውስጥ ካስቀሩት አንዱ ሬኔ ግሩዎ ነው፤ በጣት በሚቆጠሩ ወፍራም ጥቁር መስመሮችና በቀይ ቀለም። የግሩዎን ሥዕሎች ፈልጋችሁ እዩ። ምን እንዳልሳለ ልብ በሉ። አብዛኛውን ነገር ትቶታል፤ የቀረው ያ ልብስ ከሌላው የሚለይበት ነገር ብቻ ነው። ፎቶ መተው አያውቅበትም። የእኔ የስልክ ፎቶ ለሰፊው የሞዴሏን ቁመት፣ ጫማዋን፣ ፈገግታዋን ሁሉ አሳየው፤ የእናቴን ጀርባ ግን አላሳየውም። ደግሞ ገና ያልተሰፋ ልብስ ፎቶ የለውም።

ወደ ልብሱ እንምጣ። ሁሉም የሚሳሳትበት ነገር ልብስን እንደ ቆዳ አካል ላይ መለጠፍ ነው። በጨርቅና በሰውነት መካከል አየር አለ። ልብሱ አካሉን የሚነካው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ትከሻ ላይ፣ ጡት ላይ፣ ከታጠቀ ወገብ ላይ፣ ዳሌ ላይ። ከእነዚህ ቦታዎች ተነስቶ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የተሸከመውን ነጥብ ፈልጉ፣ መስመራችሁ ከዚያ ይጀምር። ሁለተኛው ስሕተት አንገትጌውን፣ የእጅጌውን ጫፍና የቀሚሱን ጠርዝ በቀጥታ መስመር መዝጋት ነው። ሰውነት ክብ ነው፤ ልብሱ ይዞርበታል። ክንድ ላይ ላስቲክ አስራችሁ ብታዩት ቀለበት እንጂ መስመር አይደለም። የእጅጌ ጫፍም እንደዚያው ነው።

እጥፋት ላይ ልጄና እኔ አልተስማማንም። እሷ ብዙ መስመር ትወዳለች። እኔ ደግሞ ጨርቁ ያልጠየቀውን እጥፋት መጨመር ውሸት ይመስለኛል። ሳየው የጨርቅ እጥፋት ሦስት ምክንያት ብቻ አለው፤ ከአንድ ነጥብ ሲንጠለጠል፣ በሁለት ነጥብ መካከል ሲወጠር ወይም ሲላላ፣ ክርን ወይም ጉልበት ሲታጠፍ ደግሞ ሲጨመቅ። ሽንሽን የመጀመሪያው ነው፤ ከወገቡ ስፌት በቀጭኑ ተነስቶ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል እንጂ እንደ አጥር እንጨት እኩል አይቆምም። አንድ እጥፋት ስትስሉ «ምን ያዘው?» በሉ። መልስ ከሌለው አጥፉት።

በዚህ በኩል የሐበሻ ልብስ ጥሩ መምህር ነው። ነጠላ፣ ኩታና ጋቢ ከአንድ ዓይነት የሸማ ጥበብ ይወጣሉ፣ ወረቀት ላይ ግን ዘመድ አይመስሉም። ነጠላ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ይታያል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ትከሻውንና የቀሚሱን አንገት በስሱ ስላችሁ፣ ነጠላውን በላዩ ላይ በቀጫጭንና ረጃጅም መስመር ታለብሱታላችሁ። ሁለት እጥፍ ሆኖ በተደራረበበት ቦታ ትንሽ ጠቆር፣ ነጠላ በሆነበት ነጣ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። እሱ ቀጭን እጥፋት አያውቅም። ጥቂት፣ ወፍራም፣ ክብ ክብ ያሉ ጉብታዎች ብቻ፣ ጠርዙም ድርብ መስመር ይፈልጋል፤ ሲታይ ሊሞቅ ይገባል። ከፋይ ደግሞ ብርሃንን የሚያሳየው ጠርዙ አካባቢ ነውና መሐሉን አጥቁራችሁ የእጥፋቱን ጫፍ ነጭ ትተዉታላችሁ። በ2ቢ እርሳስ የጎኑን ክፍል ተጠቅማችሁ ሞክሩት፤ ኤችቢውን ለመስመር አቆዩት።

ጥለት ላይ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ እኔም ለአንድ ሳምንት ቆርጬ ነበር። መጀመሪያ ላይ መስቀሉን፣ ሐረጉን፣ ነጥቡን አንድ በአንድ ለመሳል ሞከርኩ፤ የወጣው የስሌት ደብተር ነው። በኋላ ገባኝ። ጥለት ከጨርቁ ጋር ስለተሸመነ ጨርቁ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል፣ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ይጠፋና በሌላው ወገን ብቅ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የጥለቱን ዳርና ዳር በሁለት መስመር የእጥፋቱን ሞገድ ተከትላችሁ አስምሩ። ከዚያ ውስጡን በትይዩ ቀለማት ክፈሉት። ዝርዝሩን ወደ እናንተ ፊቱን ባዞረው እጥፋት ላይ ብቻ ሥሩ፣ ሌላውን ተዉት፤ ዐይን ራሱ ይሞላዋል። ቀለም ስትቀቡ ነጩን ጨርቅ ነጭ አትቀቡት። ወረቀቱ ነጭ ነው። የምትቀቡት ጥላውን ነው፤ ብዙ ውሃ የበዛበት ሰማያዊ ወይም ግራጫ የውሃ ቀለም ይበቃል።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፣ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ እራት ከተነሳ በኋላ። ከዚያ እናቴን መሳል ነበረብኝ።

እማዬን «ልሳልሽ» ስላት «ምኔን ልትስዪ!» አለች። ግን ቡና እየጠጣን ነበርና ተነስታ ቆመችልኝ። እርሳሴን ዘርግቼ ቆጠርኩ። ስድስት ተኩል። ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና «በፊት ስንት ነበርኩ?» አለችኝ። አልተዘጋጀሁበትም ነበር። ልጄ ከጎኔ «እማማ፣ ሰባት ተኩል ነበርሽ፣ ፎቶሽ ላይ ቆጥሬዋለሁ» አለቻት። እውነትም ቆጥራው ኖሯል፤ ሳሎን ከተሰቀለው የሠርጓ ፎቶ ላይ። እማዬ ፎቶውን አሻግራ እያየች «አንድ ራስ በላሁ በሉኛ!» ብላ ሳቀች፤ እኛም አብረናት ሳቅን።

ከፊት ሳልኳት። ከኋላ ሳልኳት። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ግን ምንም አይናገሩም። የተናገረው የጎኗ ሥዕል ነው። ቱንቢዬን ከጆሮዋ ቁልቁል ስጥል የላይኛው ጀርባዋ ወደ ኋላ ጎብጦ፣ ራሷና አንገቷ ወደ ፊት ቀድመው፣ ሆዷ ትንሽ ወደ ፊት መጥቶ አየሁት። ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ልብ ብዬ አላየሁትም። በዚያ ሥዕል ላይ ያለፈውን ዓመት ቀሚስ ስስልበት ከፊት ወርዶ ጫማዋን ሲሸፍን፣ ከኋላ ተሰቅሎ ቁርጭምጭሚቷን ሲያሳይ በገዛ እጄ ታየኝ። እርሳሱን አስቀምጬ ወጥ ቤት ገባሁ።

ሥዕሎቹን ለመቀያየር የምንጠቀምበት ዘዴ ይኸውላችሁ። አካሉን አንድ ጊዜ በጥሩ ሁኔታ ስላችሁ በእስክሪብቶ አድምቁት። ይህ ሙያተኞቹ ክሮኪ የሚሉት ነው። ከዚያ ስስ ወረቀት በላዩ አድርጋችሁ ቀን በመስኮት መስታወት ላይ ለጥፉት፤ ብርሃኑ ያሳያችኋል። ልብሱን ብቻ በላይኛው ወረቀት ላይ ሳሉ። በአንድ አካል አሥር ቀሚስ መሞከር ይቻላል፣ ጨርቅ ሳይቆረጥ፣ ገንዘብ ሳይወጣ። ለእማዬ ሰባት ሞከርን። ከፊት እስከ ታች የሚወርደው ጥለት ሆዷ ላይ እየጎበጠ ስለታየ ጣልነው። መቀነቱን አወጣነው። የታችኛውን ጥለት አጠበብነው፣ ሰፊው ስለሚከብድ። ነጠላውን በቀኝ ትከሻዋ ላይ አሳረፍነው፤ ዝቅ ያለው ትከሻ ጠፋ።

የመጨረሻውን ለሰፊው ስታዘጋጁ ውበቱን ተዉት። ለእሱ የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ ንድፍ ነው፣ ልብሱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ከላይ እንደሚታይ፤ ፊቱ አንድ፣ ጀርባው አንድ። ስፌቱ የት እንደሆነ፣ ዚፑ ጎን ይሁን ከኋላ፣ ገበር ይኑረው አይኑረው፣ እያንዳንዱ ርዝመት በሴንቲ ሜትር። ጥላ የለ፣ እጥፋት የለ። ከዚህ ጋር የለባሹን የጎን ሥዕል አያይዙ። ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ የፋሽን ሥዕል መማሪያ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው።

ወደዚያው ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ሌላ ብፈልግ ይሻል ነበር የሚሉኝ አልጠፉም፣ ግን ጥፋቱ የማን እንደነበር አውቃለሁ። ወረቀቶቹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁለት። የፊቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። የኋላውን አየ። የጎኗን ሥዕል ሲያነሳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። «የባለፈውስ የእኚህ እናት ነበር?» አለኝ። «አዎ ጋሼ።» ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እኮ አላየኋቸውም» አለ። በማግስቱ እሑድ ሜትሩን ይዞ ቤት መጣ።

እማዬ ሰፊው እስኪመጣ ድረስ አልተስማማችም ነበር። የመጣ እንግዳ ግን አይመለስም፤ ቡና አፈላችለት፣ ከዚያ «እማማ፣ ትንሽ ይዙሩልኝ» ሲላት ዞረችለት። ከማጅራቷ አጥንት እስከ ወገቧ ከኋላ 44 ሴንቲ ሜትር፣ ከአንገቷ ጉድጓድ እስከ ወገቧ ከፊት 32። «ለቀጥ ያለ ሰው ልዩነቱ አምስት ስድስት ቢሆን ነው፣ እዚህ አሥራ ሁለት አለ» አለኝ። ከኋላ ጨርቅ እንደሚጨምር፣ ከፊት እንደሚያሳጥር፣ ቀኝና ግራ ትከሻውን ለየብቻ እንደሚቆርጥ በእኔው ሥዕል ላይ በእስክሪብቶ እያመለከተ አሳየኝ። መስመሩ ከእኔ ይልቅ የቀጠነና የረጋ ነበር።

ስለ ልጄ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ ባለቤቴ አሁንም «ሥዕል ምን ያበላል?» ይላል፣ ግን ድምፁ ለዘብ ብሏል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እንዳለ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት እንዳለ ነግራዋለች። እሱ ደግሞ የሒሳብ ውጤቷን ጠየቃት። መጠየቁ አልከፋኝም፤ ልብስ መቁረጥ ጂኦሜትሪ ነው። ገና አራት ዓመት ይቀራታል፣ ይከራከሩ።

ቀሚሱ የሚደርሰው ከገና በፊት ነው። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ሥዕል፣ ቀለም የተቀባውን፣ ለእማዬ ወስጄ ሰጠኋት። በስድስት ተኩል ራስ፣ ጎበጥ እንዳለች፣ ምርኩዟን እንደያዘች ነው የሳልኳት። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ትከፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ኪስ የለውም እንዴ?» አለችኝ።

«የሐበሻ ቀሚስ ምን ኪስ አለው እማዬ?»

«መሐረቤን የት ላደርገው ነው? ሠርግ ላይ አለቅስ የለ!»

እርሳሴን አወጣሁ። ምርኩዙን የምትይዘው በቀኝ እጇ ስለሆነ ኪሱን በግራ በኩል፣ የጎን ስፌቱ ውስጥ፣ እጇ ሳትጎነበስ በሚደርስበት ቁመት ላይ አድርጌ ሳልኩት።